የመኪና ቍጥርና የቤት ምሥጢር

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጤናና ስለ ቤት አያያዝ ሲነገር ማየት የለመዳችሁ ናችሁ። ዛሬ ግን ከቤት ደጅ ቆሞ ስለሚያድረው፣ የባለቤቱንም ምሥጢር በግንባሩና በጀርባው ለጥፎ ስለሚዞረው ስለ አውቶሞቢል ጥቂት ቃል ልንጽፍ ወደድን። በአውቶሞቢል ላይ የተለጠፈችው ቆርቆሮ ለመንገደኛው ሁሉ ትታያለች፤ ከቆርቆሮዋ በስተኋላ ግን የባለቤቱ ስምና አድራሻ በመንግሥት መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። ቆርቆሮዋን ማየት ማንም አይከለከልም፤ መዝገቡን መግለጥ ግን የማን መብት ነው? የመኪና ማቆሚያ ስፍራ የያዘ አንድ ነጋዴ ገንዘብ ሳይከፍለው የሄደውን ሰው ለመያዝ «ይህ ቍጥር የማን ነው? ቤቱስ ወዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይነገረው ወይስ አይነገረው? ይህ ጥያቄ በሌላው ዓለም ብዙ ሙግት አስነሥቷል፤ የሰው ቤት ከመዝገብ ወጥቶ በመነገሩም ደም የፈሰሰበት ጊዜ አለ። የአገራችን ከተሞች እየሰፉ፣ መኪናውም እየበዛ ሲሄድ ነገሩ ወደ እኛ መቅረቡ ስለማይቀር አስቀድሞ ማሰቡ ይሻላል ብለን እናምናለን።

በአባቶቻችን ዘመን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበረ። መኳንንቱ በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበርና ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻም አባ ነፍሶ ሲባሉ ፈረሱ የጌታውን ስም በአደባባይ የሚያስጠራ እንጂ የሚሸሽግ አልነበረም። ጌታው ወደ ግቢ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ በቅሎ ያዡ አሽከር ከደጅ ይቆማል፤ በቅሎዋም የማን እንደ ሆነች ከኮርቻዋና ከመጣብሯ ይታወቃል። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ሲድሌይ የተባለችውን አውቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ ባመጣ ጊዜም አውቶሞቢል በጣት የሚቈጠር ስለ ነበረ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ኋላ ቍጥሩ ሲበዛ ቆርቆሮው አስፈለገ፤ ስሙንም ከኢጣልያኖች ወስደን ታርጋ አልነው፤ መኪናና ጎማ የሚሉትንም ቃላት ያገኘነው ከዚያው ነው።

ታርጋ ከፈረስ ስም የሚለየው ባለቤቱን ለሕዝብ ሳይሆን ለመንግሥት ብቻ በማስታወቁ ነው። በመንገድ የሚያልፈው ሰው የሚያየው ፊደልና ቍጥር ነው። ለብዙ ዓመታት በሠራንበት ሥርዓት ሰማያዊው የግል፣ አረንጓዴው የንግድ፣ ቀዩ የታክሲ፣ ጥቍሩ የመንግሥት መሆኑን ቀለሙ ይናገራል፤ ከዚህ የበለጠ ግን አይናገርም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቍጥር 681/2002 መዝገቡን ለትራንስፖርት ባለ ሥልጣኖች አደራ የሰጠው ሰው ሲጎዳ፣ መኪና ሲሰረቅ ወይም ሲሸጥ ባለቤቱ እንዲታወቅ ነው። ቍጥሩ እንግዲህ መጋረጃ ነው፤ መጋረጃውንም የሚገልጥ እጅ ማን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት።

አሁን በወላይታ፣ በዱጉና ፋንጎ ወረዳ ያለችውን ዲምቱን እናስብ። ከሶዶ ተነሥቶ ወደ ቢላቴ ወንዝ በኩል የሚወርድ መንገደኛ ያገኛታል። በገበያ ቀን ባጃጁና ሞተር ብስክሌቱ፣ የጭነት መኪናውና የአህያ ጋሪው በአንድነት ሲጋፋ ይውላል። እንዲህ ባለች ከተማ አንድ መኪና የባለ ሱቁን በር ዘግቶ ቢቆም ታርጋውን የሚያነብ ሰው አይፈለግም፤ አንድ ልጅ ይላካል፤ ልጁም ባለ መኪናውን ከቡና ቤት ወይም ከሥጋ ቤት ጠርቶ ያመጣዋል። ባለ ሱቁ ይቈጣል፤ ባለ መኪናው «ይቅር በሉኝ» ይላል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ባለ ሱቁ የባለ መኪናውን ስም፣ ቤቱን፣ ምናልባትም የአባቱን ስም ያውቃል፤ ነገር ግን ባለ መኪናውም ባለ ሱቁን እንዲሁ ያውቀዋል። መተዋወቁ ከሁለት ወገን ስለ ሆነ አንዱ ሌላውን ለማስፈራራት አይደፍርም። በታላላቅ ከተሞች ግን ጠያቂው ባለ መኪናውን ከመዝገብ ሲያውቀው ባለ መኪናው ጠያቂውን አያውቀውም፤ የነገሩም ጭንቅ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሶዶ ዛሬ የትናንቷ ሶዶ አይደለችም። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ወዲህ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ በመስከረምም ጊፋታ ሲደርስ በየአገሩ ተበትኖ የሚሠራው የወላይታ ልጅ ወደ ወላጆቹ ስለሚመለስ ከሩቅ የመጣው መኪና በየመንገዱ ይሰለፋል። እንዲህ ባለው ቀን ባለ ሱቁ ልጅ ልኮ የሚያስጠራው የታወቀ ሰው አያገኝም። መኪና የሚያስቆም፣ የሚጠብቅና ሒሳብ የሚቀበል ሰው ማስፈለጉ የማይቀር ነው። አዲስ አበባ በዚህ ቀድማለች፤ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች በየመንገዱ ዳር ቆመው ሰዓቱን በትንሽ ወረቀት ጽፈው በመስተዋቱ መጥረጊያ ሥር ያኖራሉ፤ ባለቤቱ ሲመለስ ሒሳቡን ይቀበላሉ። በ2013 ዓ.ም. የመስቀል አደባባይ ሲታደስም ከምድሩ በታች ሰፊ ማቆሚያ ተሠርቶለታል።

በአገራችን ስለ መኪና ማቆም የሚደረገው ክርክር እስከ ዛሬ ፊት ለፊት የሚደረግ ነበረ። ትራፊክ ፖሊሱ በማይፈቀድ ስፍራ የቆመውን መኪና ታርጋ ፈትቶ ይወስዳል፤ ባለቤቱ ደንግጦ ይመጣል፤ ቅጣቱን ከፍሎ ታርጋውን ይቀበላል። ይህን የማይወድ ብዙ ነው፤ እኛም ቆርቆሮ ይዞ መለመኑ ለጌታም ለሎሌም ደስ እንደማያሰኝ እናውቃለን። ነገር ግን ይህ ልማድ አንድ በጎ ነገር ነበረው፤ ማንም ወደ ማንም ቤት አይሄድም፤ የማንም ስም ለነጋዴ አይነገርም።

በእንግሊዝ አገር ያለው ሥርዓት ግን ሌላ ነው፤ በዚያ የሚኖሩት ወገኖቻችንም የሚያውቁት ስለ ሆነ ዘርዘር አድርገን ብንጽፈው ለአንባቢዎቻችን ይጠቅማል። ከገበያ አዳራሹ ወይም ከሐኪም ቤቱ ፊት ያለው ሜዳ የግል ነው፤ ባለ ሜዳውም ጥበቃውን ለአንድ ኩባንያ ይሰጣል። ኩባንያው ዘበኛ እንኳ አያቆምም፤ ታርጋ የሚያነብ ካሜራ በመግቢያውና በመውጫው ላይ ይተክላል። መኪናው ከተፈቀደለት ሰዓት በላይ ከቆየ ኩባንያው ቍጥሩን ስዋንዚ በምትባል ከተማ ወዳለው የመንግሥት የመኪናና የሹፌር መዝገብ ቤት ይልካል፤ መዝገብ ቤቱም ለአንድ ስም 2 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ተቀብሎ መኪናው በስሙ የተመዘገበለትን ሰው ስምና አድራሻ ይሰጠዋል። ሕጉ ጠያቂው በቂ ምክንያት እንዲኖረውና ከታወቁት የማኅበር ክፍሎች በአንዱ እንዲገባ ያዝዛል፤ መዝገብ ቤቱም ክፍያው ለድካሙ እንጂ ለትርፍ አይደለም ይላል። ሆኖም እንዲህ ያለው ጥያቄ በቅርብ ዓመታት በያንዳንዱ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ከ10 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የተገለጠ መጋረጃ መጋረጃ መባሉ እንደ ምን ይሆናል?

እንግሊዞች ወደዚህ የደረሱት ክፉ አስበው አልነበረም። ቀድሞ የግል ጠባቂዎች መኪናውን በብረት ቍልፍ ጎማውን አስረው ባለቤቱን በዚያው ያስጨንቁት ነበር፤ እናት ልጆቿን ይዛ በሌሊት ገንዘብ ካልከፈልሽ አትሄጂም ትባል ነበር። ስለዚህ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2012 በወጣው የነጻነት ጥበቃ ሕግ ይህ በእንግሊዝና በዌልስ ተከለከለ። በምትኩ ግን ለኩባንያዎቹ ሌላ መሣሪያ ተሰጣቸው፤ ያቆመው ሹፌር ማን እንደ ሆነ ካልተነገራቸው በመዝገብ ስሙ ያለውን ሰው ዕዳውን ክፈል ማለት ቻሉ። ካሜራው ብቻ ያየው ነገር ሲሆንም ደብዳቤው በ14 ቀን ውስጥ እንዲደርስ ሕጉ ወሰነ።

ነገሩ የቤተ ሰብ ጕዳይ የሚሆነው በዚህ ነው። መኪናው በአባት ስም ተመዝግቦ ልጅ ሊነዳው ይችላል፤ ወይም በሚስት ስም ሆኖ ባል፤ ወይም እንግዳ ሆኖ የመጣ ዘመድ ለአንድ ቀን ተውሶት ይሆናል። ደብዳቤው ግን የሚመጣው ስሙ ወደ ተጻፈው ሰው ነው። ቋንቋውን አጥርተው የማያውቁ ሽማግሌ አባት ፎቶግራፍ ያለበት፣ ቀይ ጽሕፈት የበዛበት ደብዳቤ በጠዋት ሲደርሳቸው ከመንግሥት የመጣ ቅጣት መስሏቸው ይደነግጣሉ፤ ወይ ያልበደሉትን ይከፍላሉ፤ ወይ «የነዳው ልጄ ነው» ብለው የልጃቸውን ስም አሳልፈው ይሰጣሉ። ኩባንያው እንደ ዳኛ ሲጽፍ ይታያል፤ ነገር ግን ገንዘብ ጠያቂ ነጋዴ ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። በዚያ አገር ላሉት ወገኖቻችን የምንለው ቢኖር ደብዳቤው ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ወይም ከፖሊስ መምጣቱን፣ ወይም ከግል ኩባንያ መምጣቱን አስቀድመው ይዩ፤ ቀኑን ይቍጠሩ፤ አቤቱታ የሚቀርብበት ስፍራ በደብዳቤው ላይ ተጽፎ ይገኛልና ዝም አይበሉ፤ ዝምታ ዕዳውን ያበዛዋል።

ኩባንያዎቹም የሚሉት ነገር አላቸው። ፓርኪንግ አይ የተባለው ኩባንያ በቼልምስፎርድ ከተማ 2 ሰዓት በነጻ በሚቆምበት ሜዳ አንድ ሰዓት ለመሙላት ጥቂት ደቂቃ እስኪቀር ተጨማሪ የቆየ ባለ መኪናን 85 ፓውንድ ጠየቀው፤ ሙግቱም በ2015 እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኞቹ አብዛኞቹ ሜዳውን ለሁሉ ለማዳረስ እንዲህ ያለ ክፍያ ማስፈለጉን ተቀብለው ለኩባንያው ፈረዱለት። እኛም ፍርዱ ከንቱ ነው አንልም፤ ሰው ሁሉ ሲመቸው አቁሞ ቢሄድ ባለ ሱቁ ገበያተኛ ያጣል። ሆኖም ዋጋው ተገቢ ነው ማለትና የሰውን ቤት ለነጋዴ መንገር ተገቢ ነው ማለት አንድ አይደሉም። የኩባንያዎቹን ጠባይ ለማረም በ2019 ሌላ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ በእርሱም መሠረት መንግሥት በየካቲት 2022 በፈረንጅ አቈጣጠር ያወጣውን ደንብ በዚያው ዓመት በሰኔ መልሶ ሳበው። አንዴ የተከፈተ መዝገብ መልሶ ለመዝጋት የሚያስቸግር መሆኑን ከዚህ እናያለን።

በአሜሪካ የሆነው ደግሞ ከገንዘብ ያለፈ ነው። በ1989 በፈረንጅ አቈጣጠር ርብቃ ሼፈር የተባለች ወጣት ተዋናይት በሎስ አንጀለስ ከቤቷ ደጃፍ ላይ ተገደለች። ገዳዩ አይቷት የወደዳት፣ እርሷ ግን የማታውቀው ሰው ነበረ። ቤቷን ያገኘው ለአንድ የግል መርማሪ ገንዘብ ከፍሎ ነው፤ መርማሪው ደግሞ አድራሻዋን ያወጣው ከካሊፎርኒያ የመኪናና የሹፌር መዝገብ ቤት ነበረ። በዚያን ጊዜ መዝገቡን ጠይቆ ማግኘት እጅግ ቀላል ነበር። አገሪቱ ከዚህ በኋላ በ1994 የሹፌሮችን ምሥጢር የሚጠብቅ ሕግ አወጣች። ሕጉ ግን ስለ መኪና ማቆም እንኳ ክርክር አላጣም፤ ፓላታይን በምትባል የኢሊኖይ ከተማ ፖሊስ በ2010 በመንገድ ላይ ባደረ መኪና መስተዋት ላይ የቅጣት ወረቀት ሲያኖር የባለቤቱ ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን፣ ቁመትና ክብደት ሳይቀር ታትሞበት ነበር። መንገደኛ ሁሉ ሊያነበው ይችላል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2012 ይህ ምሥጢርን መግለጥ ነው አለ፤ በ2015 ግን ለመንግሥት ሥራ የተደረገ ስለ ሆነ ሕጉ ይፈቅደዋል ብሎ ለከተማዪቱ ፈረደ። በአሜሪካ ከተሞች በሹፌርነት የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸውና ይህን ሳንጠቅስ ማለፍ አልወደድንም። የሰው ክብደት ከመኪና ማቆም ጋር ምን ዝምድና እንዳለው ግን እኛ ልናስተውለው አልቻልንም!

ወደ አገራችን እንመለስ። የቤት ምሥጢር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሕግ ካልፈቀደ በቀር ማንም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወደ ሰው ቤት እንዳይገባ፣ ደብዳቤውንም እንዳይገልጥ ይከለክል ነበረ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይሸጥ ያዝዛል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የግል ሕይወትን መከበር መብት አድርጎ አጸናው። በመጨረሻም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ወጣ፤ ጠባቂውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለ ሥልጣን ሆነ። የአዋጁ ዋና ነገር በቀላል ቃል ሲነገር እንዲህ ነው፤ የሰው ስም፣ አድራሻና ስልክ የሚሰበሰበው ለታወቀ ጕዳይ ነው፤ ለጕዳዩ ከሚበቃው በላይ አይሰበሰብም፤ ለአንድ ጕዳይ የተሰበሰበውም ለሌላ አይውልም።

በዚህ ሚዛን ሁለት ጠያቂዎችን ለይተን እንይ። አንዲት እናት ልጇን መኪና ገጭቶባት ሹፌሩ ቢያመልጥ፣ ታርጋውንም ያየ ሰው ቢገኝ፣ መዝገቡ ዛሬውኑ በፖሊስ እጅ ሊገለጥላት ይገባል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በ2081ኛው ቍጥር የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጕዳት ኀላፊ መሆኑን፣ ሌላ ሰው ሳያስፈቅደው ቢነዳው እንኳ እንደማያመልጥ ይናገራል። የጥቂት ብር የማቆሚያ ሒሳብ የቀረበት ሰው ግን ከዚህች እናት ጋር እኩል ሊቈጠር አይችልም። እርሱ ገንዘቡን በመግቢያ አስቀድሞ ሊቀበል ይችላል፤ እንቢ ያለውንም ለሕግ አስከባሪ ሊያመለክት ይችላል። ጠባቂው ወጣት ደመወዙን ማጣት የለበትም፤ ሳይከፍል የሚሸሽ ባለ መኪናም ይፈር፤ የሹፌሩ ቤት ግን የሒሳብ ማስያዣ አይደለም።

ምሥጢር ሁሉ በመንግሥት መዝገብ ብቻ ይወጣል ብለን ግን አንታለል። በየሕንጻው ደጅ የሚቆመውን ዘበኛ ተመልከቱት። የጥንቱ አጋፋሪ የመጣውን ሰው በዓይኑ አይቶ ያስገባ ነበር፤ የዛሬው ግን ትልቅ ደብተር ዘርግቶ ስም፣ ስልክ፣ ታርጋ፣ የመጣንበትን ጕዳይ ሳይቀር ይጽፋል፤ አንዳንዱም መታወቂያ ይቀበልና በሣጥን ያኖራል። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ከበላዩ የተጻፈውን የሌላ ሰው ስልክ ማንበብ ይችላል። ደብተሩ ሲያልቅስ ወዴት ይሄዳል? አሮጌ የጽሕፈት ቤት ወረቀት የቆሎና የበርበሬ መጠቅለያ ሆኖ ከሱቅ ሲመለስ ያላየ ባለ ቤት ያለ አይመስለንም።

በጨዋነት የሚደረግ ሌላ ልማድም አለ። መኪናችን የሌላውን መውጫ የዘጋ እንደ ሆነ ስልካችንን በወረቀት ጽፈን ከመስተዋቱ በስተውስጥ እናኖራለን። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የዲምቱን ልጅ ሥራ ስልኩ ይሠራዋል። ነገር ግን ወረቀቱን ባለ ጉዳዩ ብቻ አያነበውም፤ እመቤቶችና ልጃገረዶች የማያውቁት ሰው በሌሊት እየደወለ ሲያስቸግራቸው ቍጥሩን ከየት አገኘው ብለው ይደነቃሉ። የሥራ ቤቱን ወይም የገቡበትን ሱቅ ስልክ መጻፍ፣ ወይም ለጠባቂው ወዴት እንደ ገቡ ነግሮ መሄድ ይሻላል። ወረቀቱንም ሲነሡ አንሥቶ መያዝ ነው፤ ብዙ ሰው እየረሳው ከተማውን ሁሉ ያዞረዋል። ደግሞ ያስቀየመንን መኪና ታርጋ ፎቶግራፍ አንሥቶ በስልክ ለዓለም መበተን ዛሬ እንደ ቀልድ ተይዟል፤ በመኪናው ውስጥ ያሉት ልጆች አብረው እንደሚታዩ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

የወላይታ ከተሞች የመኪና ማቆሚያ ሥርዓታቸውን ሲያሰፉ ሌላው አገር ከደረሰበት ችግር ቀድመው የመምረጥ ዕድል አላቸው። በሶዶ፣ ነገም በዲምቱ፣ ማቆሚያ ለማኅበር ወይም ለነጋዴ ሲሰጥ ውሉን የሚፈርመው ሹም አንዲት አንቀጽ ቢጨምርበት ብዙ አይደክምም፤ በጠባቂው ወረቀት ላይ የሚጻፈው የታርጋው ቍጥር፣ የገባበት ሰዓትና ዋጋው ብቻ ይሁን፤ ስም፣ ስልክና ቀበሌ አይጠየቅ፤ ሒሳቡ የተዘጋ ወረቀትም በየወሩ መጨረሻ ሹሙ ባለበት ይቃጠል።